ሞተሩ ገባ፤ ፍሬኑስ?

ባለፈው መስከረም ለማሽቃሬ ባሮ ቤተሰብ ልጠይቅ ቦንጋ ሄጄ ነበር። የአጎቴ ልጅ ግቢ ውስጥ በሸራ ተሸፍና ዓመታት የቆመች ባለ ሁለት በር ቶዮታ ሴሊካ አለች። በፈረንጆቹ 1970ዎቹ የተሠራች፣ ኮፈኗ ረጅም፣ ጣሪያዋ ዝቅ ያለ፣ የለየላት የስፖርት መኪና ናት። የቤንዚን ሞተሯ ከሞተ ቆይቷል። ቴስታታው ተሰንጥቆ፣ መለዋወጫው ተፈልጎ ተፈልጎ ሲጠፋ ልጁ ሌላ መላ ዘየደ። ከተጋጨ ሂሉክስ ላይ የወረደ 3ኤል የናፍታ ሞተር ከነካምቢዮው ገዛ። ከዚያ ሦስት የባሕር ዛፍ ግንድ አቁሞ፣ የሰንሰለት ማንሻ አንጠልጥሎ፣ ከአንድ የሰፈር መካኒክ ጋር እዚያው ግቢው ውስጥ አስገባው።

እኔ የደረስኩት ሞተሩ ለመጀመሪያ ጊዜ በሚነሣበት ቀን ነው። ተነሣ! ልጆች ጮኹ፤ እናቱ እልል አሉ። መኪናዋ ከግቢ ወጥታ ሃምሳ ሜትር ያህል እንደሄደች ልጁ ፍሬን ሲረግጥ ፔዳሉ እንደ ድንጋይ ደረቀበት። በሁለት እግሩ ተጭኖ ነው ያቆማት። "አየር ይዞ ነው" አለ አንዱ። "ሸራው አልቆ ይሆናል" አለ ሌላው። የፍሬን መስመር አየር ከያዘ ግን ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ ይላላል እንጂ አይደርቅም። ሸራ ሲያልቅም ቢሆን ይፋጫል፣ ይወርዳል እንጂ እንዲህ አያደርግም።

ልጁ በማግስቱ ወደ ጅማ ሊነዳት አስቦ ነበር። መንገዱን የምታውቁት ጎጀብ ወንዝ እስኪደረስ ምን ዓይነት ቁልቁለት እንዳለ አትረሱትም።

ፍሬን ከሞተር ምን አገናኘው?

ሞተር መቀየር ሲባል ብዙዎቻችን የሚታየን ብረት ነው። ማሰሪያዎቹ ይገጥማሉ ወይ? ካምቢዮው ከትራስሚሲዮኑ ጋር ይገናኛል ወይ? ራዲያተሩ ይበቃል ወይ? እነዚህ ሁሉ ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው፤ ደግሞም ካልገጠሙ መኪናዋ አትሄድምና ራሳቸውን ያጋልጣሉ። አደገኛው ሞተሩ በዝምታ ሲሠራው የኖረውና ማንም ልብ ያላለው ሌላ ሥራ ነው። አንዱ ፍሬንን ማገዝ ነው።

ኮፈኑን ስትከፍቱ በሹፌሩ በኩል፣ ከግድግዳው ጋር የተጣበቀች ክብ ጥቁር ጣሳ ታያላችሁ። ሰርቮ ትባላለች። ውስጧ በአንድ የጎማ መጋረጃ ለሁለት ተከፍሏል። ፍሬን ሳትይዙ በሁለቱም ክፍል ያለው አየር ተስቦ ወጥቷል። ፔዳሉን ስትረግጡ በእናንተ በኩል ወዳለው ክፍል የውጭ አየር ይገባል፤ የፊተኛው ግን ባዶ እንደሆነ ይቆያል። የገባው አየር መጋረጃውን ወደ ፊት ይገፋና እግራችሁን ያግዛል። እንግዲህ ፍሬናችሁን አብሯችሁ የሚረግጠው በዙሪያችን ያለው አየር ራሱ ነው፤ የሚፈለገው ከመጋረጃው ማዶ ያለውን አየር የሚያወጣለት ብቻ ነው።

ያንን የሚያወጣው ማነው? በቤንዚን መኪና ሞተሩ ነው። የቤንዚን ሞተር ነዳጅ መስጫውን ስትለቁ የአየር መግቢያው ላይ ያለች ክብ መዝጊያ ትዘጋበታለች። ፒስተኖቹ ግን መሳባቸውን አያቆሙም። ስለዚህ ከመዝጊያዋ ወዲህ ያለው ቱቦ ውስጥ ግፊቱ በጣም ይወርዳል፤ መካኒኮች ቫኪዩም የሚሉት ይሄ ነው። ከሰርቮዋ የምትነሣው ቱቦ እዚያ ላይ ትሰካለች፣ አለቀ። ተጨማሪ ዕቃ አያስፈልግም።

ናፍታ ሞተር ግን አየር አይከለከልም። ጉልበቱን የሚቆጣጠረው የሚረጨውን ነዳጅ በመጨመርና በመቀነስ ስለሆነ የአየር መግቢያው እንደተከፈተ ይኖራል። ክፍት በር ላይ ቫኪዩም የለም። ፋብሪካዎቹ ይህን ስለሚያውቁ ለፍሬኑ ብቻ የሚሠራ ትንሽ ፓምፕ ይጨምሩበታል። በ3ኤል እና በወንድሞቹ ላይ ይህ ፓምፕ የታሰረው ከዲናሞው ጀርባ ነው፤ ዲናሞው ሲዞር እሱም አብሮ ይዞራል።

አሁን የኛን ሴሊካ ተመልከቱ። የተገዛው 3ኤል ዲናሞ አልነበረውም፤ ሻጩ ለብቻው ሸጦታል። ልጁ የሴሊካዋን የድሮ ዲናሞ አሰረለት። ባትሪ ይሞላል፣ መብራት ይሰጣል፣ ምን ጎደለ? የሰርቮዋን ቱቦ ደግሞ በናፍታው የአየር መግቢያ ላይ ቀዳዳ አበጅተው ሰኳት። በቤንዚኑ ላይ እዚያ ነበረቻ! በእውነቱ እኔም መጀመሪያ ሳያት ትክክል መስላኝ አልፌያታለሁ። ነገሩ የገባኝ ቱቦዋን ነቅዬ ጣቴን ጫፏ ላይ ሳሳርፍ ነው። ሞተሩ እየሠራ ምንም አትስብም።

በቁጥር እንየው

የሴሊካዋ ሰርቮ ስፋቷ 18 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ይህ ማለት መጋረጃው 250 ካሬ ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። አንድ ሰው ፔዳሉን በ30 ኪሎ ክብደት ቢረግጥና የፔዳሉ ዘንግ ጉልበቱን አራት እጥፍ ቢያደርገው ወደ ፍሬን ዘይቱ የሚደርሰው 120 ኪሎ ይሆናል። በባሕር ወለል ላይ ደህና የቤንዚን ሞተር 65 ኪሎፓስካል ያህል ቫኪዩም ቢሰጥ ሰርቮዋ ሌላ 165 ኪሎ ትጨምራለች። ድምሩ 285 ነው። ቫኪዩሙ ከሌለ ያው የእግራችሁ 120 ብቻ ይቀራል።

ቦንጋ ላይ ግን ሌላ ነገር አለ። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት ወደ 82 ኪሎፓስካል ይወርዳል፤ በባሕር ወለል 101 ነው። መጋረጃውን የሚገፋው ይህ አየር ስለሆነ ከፍ ባላችሁ ቁጥር ገፊው ራሱ ይደክማል። ሞተሩ በሥራ ፈት ጊዜ በመግቢያው ውስጥ የሚተወው ግፊት 35 ኪሎፓስካል ነው ካልን፣ ቦንጋ ላይ የሚገኘው ልዩነት 47 ብቻ ነው። ያው ሰርቮ፣ ያው ጤነኛ ቤንዚን ሞተር፣ ግን የሚጨምረው 120 ኪሎ ገደማ ሆነ። አዲስ አበባ ላይ ግፊቱ 76 አካባቢ ስለሆነ ከዚህም ያንሳል። የደጋ ሰው ፍሬን ጠንክሮ መርገጥ የለመደው ሳያውቀው ነው።

የሚገርመው፣ ደህና የቫኪዩም ፓምፕ ያለው ናፍታ በዚህ በኩል ከቤንዚኑ ይሻላል። ፓምፑ ካለው አየር እስከ 85 በመቶ ድረስ ማውጣት ከቻለ ቦንጋ ላይ 70 ኪሎፓስካል ይሰጣል። ስለዚህ ናፍታ ማስገባቱ በራሱ ፍሬኑን አልገደለውም። የገደለው ዲናሞው ነው፤ ወይም ዲናሞው "መብራት ብቻ ነው የሚሰጠው" የሚለው ግምት።

ቁልቁለቱ

በቦንጋ ሜዳ ላይ 120 ኪሎ ይበቃል ሊባል ይችላል። ሁለት እግር አለን። ወደ ጎጀብ ሲወረድስ? መኪናዋ ከሁለት ሰውና ከጥቂት ዕቃ ጋር 1,200 ኪሎ ትመዝን። ለስሌት ያህል 400 ሜትር ቁመት ወረደች እንበል። ፍጥነቷ ሳይጨምር ከታች እንድትደርስ ከተፈለገ 4.7 ሚሊዮን ጁል ጉልበት የሆነ ቦታ መጥፋት አለበት። ይህ 15 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ የሚያፈላ ሙቀት ነው። ሁሉም ወደ ፍሬኑ ብረት ቢገባ፣ የአራቱ ጎማ ፍሬን ብረት ደግሞ 20 ኪሎ ቢሆን፣ ምንም ሙቀት ሳያመልጥ ብረቱ ከ500 ዲግሪ በላይ ይጨምራል። ነፋሱ ብዙውን ይወስዳል እንጂ እዚያ አይደርስም። ግን ፍሬን ዘይት እርጥበት ከአየር ይጠጣል፤ አዲሱ ተራ የፍሬን ዘይት ከ200 ዲግሪ በላይ ሲፈላ፣ እርጥበት የጠጣው ወደ 140 ሊወርድ ይችላል። እንደ ከፋ ባለ ዝናባማ አገር ዓመታት ቆማ የኖረች መኪና ውስጥ ያለው ዘይት የትኛው እንደሆነ መገመት አይከብድም።

ደግ ሹፌር ቁልቁለቱን በፍሬን አይወርደውም፤ ማርሽ ቀንሶ ሞተሩን ያስይዘዋል። እዚህም ላይ የሞተር ለውጡ ጣልቃ ይገባል። የቤንዚን ሞተር ነዳጅ ስትለቁ የሚይዘው አንዱ በዚያችው መዝጊያ ምክንያት ነው፤ ፒስተኖቹ ከተዘጋ ቱቦ አየር ለመሳብ ሲታገሉ ጉልበት ይበላሉ። ናፍታው ጨምቆ የያዘውን አየር መልሶ ሲለቀው አብዛኛው ጉልበት ይመለሳል። የጭስ መውጫውን የሚዘጋ ተጨማሪ ፍሬን ከባድ መኪኖች ላይ የምታዩት ለዚህ ነው። ስለዚህ የኛ ሴሊካ በአንድ ቀን ሁለቱንም አጣች፤ የሰርቮዋን እገዛም፣ የመዝጊያዋንም።

ሞተሩ ራሱ ደህና ምርጫ ነው?

እኔን ብትጠይቁኝ በስፖርት መኪና ውስጥ የፒክአፕ ናፍታ ማስገባት ልብ ይሰብራል። መካኒኩን ግን "ጋሼ፣ ለምን ናፍታ?" ብዬ ስጠይቃቸው መልሳቸው አጭር ነበር፤ "የዚህ ዕቃ እስከ ሚዛን ድረስ ይገኛል፤ የዚያች የት አለ?" ልክ ናቸው። በዚያ ላይ በፈረንጆቹ 2024 መጀመሪያ መንግሥት ከኤሌክትሪክ ውጭ የሆኑ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መከልከሉን ካስታወቀ ወዲህ አሮጌ ቤንዚንና ናፍታ መኪና ማቆየት የብዙ ሰው ጉዳይ ሆኗል።

በቁጥር ደረጃ የድሮው 1.6 ሊትር ሞተር በፋብሪካ ወረቀት 100 የፈረስ ጉልበት ገደማ አለው። 3ኤል 2.8 ሊትር ሆኖ 90 አካባቢ ነው። ሁለቱም ቱርቦ ስለሌላቸው ቦንጋ ላይ ከስድስት አንድ እጅ ገደማ ያጣሉ። ልዩነቱ ያለው በመጠምዘዝ ኃይሉ ነው። ቤንዚኑ 137 ኒውተን ሜትር ያህል ሲሰጥ ናፍታው 190 አካባቢ ይሰጣል፤ ያውም በዝቅተኛ ዙር። ዳገት ላይ ደስ ይላል። ነገር ግን ቤንዚኑ በደቂቃ 6,000 ዙር ሲዞር ናፍታው ጉልበቱን የሚጨርሰው 4,000 ላይ ነው። የዲፈረንሻሉ ንጽጽር 4.1፣ የጎማው ዙሪያ 1.85 ሜትር ከሆነ፣ በአራተኛ ማርሽ ቤንዚኑ 162 ኪሎ ሜትር በሰዓት በሚሄድበት ዲፈረንሻል ናፍታው 108 ላይ ያበቃለታል። አምስተኛ ማርሽ ትንሽ ይክሳል። 3.3 የሆነ ዲፈረንሻል ቢገኝ 134 ይደርሳል፤ ግን ዳገት ላይ ያተረፈውን መልሶ ይከፍላል።

ክብደትም አለ። ናፍታ ሞተር ከፍተኛ ጭመቃ እንዲችል ብረቱ ወፍራም ነው። ከድሮው በ60 ኪሎ ቢበልጥና ሁሉም ፊት እግር ላይ ቢያርፍ፣ 550 በ450 የነበረው የፊትና የኋላ ክፍፍል 610 በ450 ይሆናል። የፊት ሞላዎች አንድ ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል ቢወርዱ አይግረማችሁ። ኩርባ ላይ መኪናዋ መሪ ስታዞሩ ቀጥ ብላ መሄድ ትወዳለች። ፍሬን ስትይዙም ፊቷ ይበልጥ ይደፋል፤ ኋላው ቀለል ብሎ ቀድሞ ይንሸራተታል።

ስለ ራዲያተሩ አንድ ነገር ብቻ ልበል፤ ክዳኑን አትናቁት። ቦንጋ ላይ ውሃ በ94 ዲግሪ ይፈላል። ደህና ክዳን ግፊት ይዞ መፍያውን ከ110 በላይ ያደርሰዋል። ጎማው ያለቀ ክዳን ከሆነ ሞተሩ ምንም ሳይበዛበት ዳገት መሀል ላይ ውሃ ይተፋል፤ ሰዉም "ሞተሩ አይሆንም" ይላል።

ይህ ሁሉ የቦንጋ ግቢ ጣጣ ብቻ አይደለም። የዓለም ታዋቂው የሞተር ቅያሬ የተሠራው በፈረንጆቹ 1962 ነው። አሜሪካዊው ካሮል ሼልቢ ኤሲ ኤስ በተባለች ቀላል የእንግሊዝ ስፖርት መኪና ውስጥ የፎርድ ቪ8 ሞተር አስገብቶ ኮብራን ወለደ። ሰው የሚያወራው ስለ ቪ8ቱ ነው። ኤሲ ግን ሞተሩን ብቻ አስገብቶ አልተኛም፤ የኋላ ዲፈረንሻሉን ጠንካራ በሆነ ቀየረ፣ የኋላ ፍሬኑን ደግሞ መልሶ መላልሶ አሻሻለ፤ ትንሽ ቆይቶ የመሪው አሠራር ተለወጠ። በ1965 ሰባት ሊትሩ ሞተር ሲመጣ ደግሞ የድሮው ሻንሲ አልቻለውም፤ ቧንቧዎቹ ከ3 ኢንች ወደ 4 ኢንች ወፍረው፣ ባሌስትራው በጥቅል ሞላ ተተክቶ አዲስ ሻንሲ ተሠራ። ሞተሩ አንድ ቢሆንም ተከትሎት የተለወጠው ብዙ ነው።

አሮጌ መኪናን ወደ ኤሌክትሪክ ለመቀየር የምታስቡም ካላችሁ የሰርቮዋ ነገር ይመለከታችኋል። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር ስለማይፈልግ የቦንጋ ከፍታ ጉልበቱን አይነካውም፤ በዚያው ልክ ቫኪዩምም አይሰጥም። በባትሪ የሚሠራ ፓምፕ ካልተጨመረለት ፔዳሉ ልክ እንደ ሴሊካዋ ይደርቃል።

ፍሬናችሁን ለመፈተን ጋራዥ መሄድ አያስፈልግም። ሞተሩን አጥፉና ፔዳሉን አራት አምስት ጊዜ ርገጡ፤ ሰርቮዋ ውስጥ የቀረው ቫኪዩም ያልቅና ፔዳሉ ይጠነክራል። እንደረገጣችሁት ሳትለቁ ሞተሩን አስነሡ። በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ፔዳሉ ከእግራችሁ ሥር ትንሽ መውረድ አለበት። ካልወረደ ሰርቮዋ ወይም ቱቦዋ ወይም ቫኪዩም የሚሰጣት አካል ችግር አለበት። ቀጥሎ ሞተሩን አጥፍታችሁ አንድ ጊዜ ርገጡ፤ ጤነኛ ከሆነ ቢያንስ የመጀመሪያው እርግጫ ለስላሳ ነው። ቱቦዋ ላይ ያለች የአንድ አቅጣጫ መዝጊያ ቫኪዩሙን ይዛ የምታቆየው ሞተር መንገድ ላይ ቢጠፋ አንድ ሁለት ጊዜ እንድትረግጡበት ነው።

ወረቀቱንም አትርሱ። የሞተር ቁጥርና የነዳጅ ዓይነት ሊብሬ ላይ የተጻፉ ናቸው። የተሽከርካሪ ምዝገባና ምርመራ አዋጅ ቁጥር 681/2002 መኪናን ከወረቀቱ ጋር ያስተሳስራል፤ ሞተር ቀይሮ ሳያስመዘግቡ ለቦሎ ምርመራ መሄድ ራስን ማድከም ነው። የግዢውን ደረሰኝ ያዙ።

የአጎቴ ልጅ የጅማውን ጉዞ በሴሊካዋ ትቶ በሚኒባስ ሄደ። ከሁለት ቀን በኋላ የ3ኤል ዲናሞ ከነፓምፑ ይዞ ተመለሰ። ፓምፑ የሚለሰልሰው በሞተሩ ዘይት ነው፤ ከሞተሩ የሚመጣ ቀጭን የዘይት መስመርና ወደ ታች የሚመልስ ወፍራም ቱቦ ይፈልጋል። እነዚህን ለማበጀት ግማሽ ቀን ፈጀብን፤ ያለ ዘይት ቢዞር ብዙ ሳይቆይ ተቃጥሎ ይነክሳል። የፍሬን ዘይቱንም ሙሉ በሙሉ አፍስሰን በአዲስ ተካነው፤ የወጣው ቡና ይመስላል። ከዚያ ሞተሩ ሳይነሣ አምስት ጊዜ ረገጠ፣ ስድስተኛውን ይዞ ቆየ፣ ቁልፉን አዞረ። ፔዳሉ ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል ሲወርድ ዞር ብሎ አየኝና "በቃ ይቺ ናት?" አለኝ።

ኮፈኑ ግን እስካሁን አልተዘጋም። 3ኤል ቁመቱ ለሴሊካ ይረዝማል። ቆርቆሮ ቀዶ ጉብታ ሊያበጅለት ነው፤ መካኒኩ ደግሞ ሞተሩን አራት ሳንቲ ሜትር ዝቅ ማድረግ ይሻላል ባይ ናቸው። ዝቅ ከተደረገ ከታች ያለው የዘይት መያዣ ከመሪው ዘንግ ጋር ይጋጫል። ክርክሩ አላለቀም።